አያቴ የምትጠራው ሄርማንስቡርግ ይሄ ነው እንዴ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ አንድ አካባቢ ናቸው፤ በሃኖቨርና በሃምቡርግ መሐል ስላለው የሉነቡርገር ሃይደ ገጠር። እኔ ለ14 ዓመት የኖርኩትና የሠራሁት እዚያው ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ሳላስቸግር ራሴ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 22 ነው። ጀርመን አገር የነርስነት አውስቢልዱንግ (እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና) አግኝቼ ቪዛዬን እየጠበቅሁ ነው። ቦታው ሄርማንስቡርግ ይባላል። ካርታ ላይ ሳየው ዙሪያው ጫካ ብቻ ነው፤ ባቡር እንኳ የሚገባበት አይመስልም። ጓደኞቼ «ገጠር ገብተሽ ልትቀሪ ነው» እያሉ አስፈራሩኝ። አያቴ ግን ስሙን ስትሰማ እልል አለች። እሷ ያደገችው ወለጋ፣ አይራ ነው። ሄርማንስቡርግ የሚለውን ስም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ያ ቦታና ይሄ ቦታ አንድ ናቸው? ደግሞስ ብቻዬን እችለዋለሁ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ናቸው። አያትሽ እልል ማለቷ ልክ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ሄርማንስቡርግ ውስጥ ሉድቪግ ሃርምስ የሚባል የሉተራን ቄስ ነበር። በ1849 እዚያው የገበሬ መንደር ውስጥ የሚሲዮናውያን ማሠልጠኛ ከፈተ። ተማሪዎቹ የገበሬና የባለእጅ ልጆች ነበሩ። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን አገራችን የነበረው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ብዙ ጽፎ ነበር። ጽሑፉ ጀርመን አገር ይነበብ ነበርና የሃርምስም ልብ ወደዚያ ሄደ። ልጆቹን ወደ ኦሮሞ አገር ልልክ ነው ብሎ ቆረጠ።

በምን ይሂዱ? ሃርምስ የራሱን መርከብ አሠራ። እስቲ አስቢው። ከባሕር የራቀ፣ አሸዋ የሚያርስ የገበሬ መንደር መርከብ ሲያሠራ! መርከቧ ሃምቡርግ አጠገብ፣ ሃርቡርግ በሚባል ቦታ ተሠርታ በ1853 ባሕር ላይ ወጣች። ስሟን «ካንዳሰ» አሏት። ይህን ስም አንቺም ታውቂዋለሽ፣ የለመድሽው ግን በእኛ አጠራር ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን አውጪ። ጃንደረባው ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ያገኘዋል። የጃንደረባው እመቤት ማን ነበረች? «ህንደኬ የተባለች የኢትዮጵያ ንግሥት»። ካንዳሰ ማለት ህንደኬ ናት። እኔ ይህን የሰማሁት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ያን ቀን ማታ መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ ያቺን አንዲት ጥቅስ ደጋግሜ አነበብኳት።

መርከቧ ግን እኛ ዘንድ አልደረሰችም። ስምንት ሚሲዮናውያንን፣ ከእነሱም ጋር ገበሬና ባለእጅ የሆኑ ሰፋሪዎችን ይዛ አፍሪካን ዞረች። ሞምባሳ ሲደርሱ ወደ ውስጥ መግባት ተከለከሉ፤ ያኔ ያ ዳርቻ በዛንዚባሩ ሱልጣን እጅ ነበር። ወደ ኋላ ተመልሰው ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ወረዱ። እዚያ መሬት ገዝተው የተከሉትን ጣቢያም ሄርማንስቡርግ አሉት። በ1877 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ሌላ ሄርማንስቡርግ ተመሠረተ። ካርታ ላይ ስትፈልጊ ሦስቱም ሊመጡብሽ ይችላሉ። የአንቺው «ኒደርዛክሰን» የሚለው ነው፤ የጀርመኑ ክፍለ ሀገር ስም ነው።

የሄርማንስቡርግ ሚሲዮናውያን አገራችን የደረሱት በ1927 ነው። መርከቧ ከተነሣች ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ሃርምስ በ1865 ሞቷል፤ አላየውም። በዓመቱ፣ በ1928፣ አይራ ላይ ጣቢያ ተከሉ። አያትሽ የምታውቀው ስም እንግዲህ በዚያ በኩል የመጣ ነው። የአይራን ሆስፒታልም ጠይቂያት፣ ከእኔ የበለጠ ትነግርሻለች።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ አንዲት እናት ነበሩ። በወጣትነታቸው ብዙ ዓመት ወለጋ የሠሩ ነርስ ናቸው። እኔ ሳውቃቸው የመርሳት ሕመም ይዟቸው የልጃቸው ስም ሁሉ ይጠፋባቸው ነበር። እኛ ጋ ሰው ከአልጋ ስናነሣ ጉልበታችን እኩል እንዲያርፍ «አይንስ፣ ጽቫይ፣ ድራይ» ብለን እንቆጥራለን። አንድ ጠዋት እጄን ከጀርባቸው ሥር አስገብቼ «አይንስ» ስል፣ እሳቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «ቶኮ» አሉ። ቆምኩ። «ለመ» አሉ። እኔም «ሰዲ» አልኩና አነሣኋቸው። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ከኦሮምኛ የማውቀው ቁጥርና ሰላምታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እስኪያርፉ ድረስ ጠዋት ጠዋት የምንቆጥረው እንደዚያ ነበር። አያትሽ ከምታውቃቸው ሰዎች አንዷ ቢሆኑስ እያልኩ ደብዳቤሽን ሳነብ አሰብኳቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ብቻሽን ትችይዋለሽ። ግን አንዳንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ።

መጀመሪያ ስሙ እንዳያምታታሽ። ሄርማንስቡርግ በጃንዋሪ 2015 ኡንተርሉስ ከሚባለው ጎረቤቱ ጋር ተዋህዶ «ዙድሃይደ» የሚባል አንድ ማዘጋጃ ቤት ሆኗል። አድራሻሽ «29320 ዙድሃይደ» ይላል። ተሳስተው ሌላ ቦታ ላኩኝ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ቤት ከገባሽ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ መመዝገብ አለብሽ። ያለዚያ ወረቀት ባንክም ኢንሹራንስም አይንቀሳቀስልሽም።

ሰው የሚያሳፍር ባቡር መንደሩ የለውም፣ እሱ እውነት ነው። ትልቋ ከተማ ጼለ ናት፤ ከሄርማንስቡርግ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአውቶቡስ ትሄጃለሽ። ከጼለ ሃኖቨር በባቡር ቅርብ ነው፤ የሐበሻ ሱቁም ጤፉም እዚያ አለ። ሌላው ጣቢያ በምሥራቅ በኩል ኡንተርሉስ ነው። ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለውን የወር ትኬት አውጪ፤ ዋጋው ከዓመት ዓመት ቢጨምርም አውቶቡሱንም የክልል ባቡሩንም ያሳፍርሻል። ዋናው ነገር የመጨረሻው አውቶቡስ ነው። ቅዳሜና እሑድ በጣም ይሳሳል። እኔ አንድ ቅዳሜ ጼለ ጫማ ስመርጥ አምልጦኝ ለታክሲ የከፈልኩት የጫማው ዋጋ ሆነ። ስለዚህ ብስክሌት ተማሪ። እውነቴን ነው፣ ከመምጣትሽ በፊት አዲስ አበባ ላይ ተማሪ። አገሩ ሜዳ ነው፣ መንገዱም ከመኪናው የተለየ ነው።

ሰላምታው «ሞይን» ነው። ጠዋትም ማታም አንድ ቃል። መንገድ ላይ የማታውቂው ሰው ሞይን ሲልሽ መልሺ። እኔ መጀመሪያ ዝም እያልኩ አልፍ ነበር፤ ኩራተኛ መስያቸው ነበር ለካ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ሳር ማጨጃ ማሽንም አይነሣም። ዲሴምበር ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ጨልሟል። ያኔ ነው ቤት ውስጥ መታፈን የሚመጣው። የነሐስ መለከት የሚነፋ የቤተ ክርስቲያን ቡድን አለ፣ መዘምራን አለ፣ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ አለ። ከአንዱ ግቢ። ሰዎቹ ቡና ጠጪ ብለው ቤታቸው ለመጥራት ጊዜ ይወስዱ ይሆናል። አብረሽ አንድ ሥራ ከሠራሽ ግን ቶሎ ይለምዱሻል። እኔን ያስለመደኝ ከበዓል በኋላ ወንበር ማጠፍ ነው።

መንገድ ዳር፣ ገበሬው ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ታያለሽ። ድንችና እንቁላል ተደርድሮበታል። ሻጭ የለም። አጠገቡ በላዩ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የብረት ሣጥን አለ፤ ዋጋው በእጅ ተጽፏል። ሳንቲምሽን ከተሽ ድንችሽን ትወስጃለሽ። መጀመሪያ ቀን ዘወር ዘወር ብዬ ሰው ፈለግሁ። የዚያ አሸዋ ድንች ግሩም ነው። ለአልጫ እንደሱ የለም።

የመጨረሻውን በደንብ ስሚኝ፤ ማንም ስላልነገረኝ በጣም ተጎድቻለሁ። አካባቢው የጦር መለማመጃ አለበት። በስተ ምዕራብ ያለው የቤርገን መለማመጃ ብቻውን ከ280 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኡንተርሉስ በኩል ደግሞ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሚሞክርበት ሜዳ አለ። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ማታ ቡና አፍልቼ ቁጭ ብያለሁ። ድንገት ዱም አለ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ረከቦቱ ላይ ያሉት ስኒዎች ተንቀጫቀጩ። ደገመ። እኔ መሬት ላይ ተኝቻለሁ። ጎረቤቴ ባልቴት ስጮህ ሰምተው በሩን አንኳኩ። ገብተው ከጎኔ መሬት ላይ ቁጭ አሉና «ታንኮቹ ናቸው ልጄ፣ ልምምድ ነው» አሉኝ። የተኩሱ ሰዓት አስቀድሞ እንደሚወጣም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። አንቺ ምን እንዳየሽ አላውቅም። በዚህ ዘመን ከአገራችን የሚወጣ ወጣት ግን ይህን ድምፅ ሳያውቅ መጥቶ ሊሰማው አይገባም። አሁን ታውቂዋለሽ። ለአሠሪዎችሽም ከመጀመሪያው ሳምንት ንገሪያቸው፤ ይረዱሻል።

ስትደርሺ ጻፊልኝ። ለአያትሽም ፎቶ ላኪላቸው። የመንደሩ ስም የተጻፈበት ቢጫ ሰሌዳ መግቢያው ላይ አለ፤ እዚያ ሥር ቆመሽ ተነሺ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፍራንክፈርት የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ባለፈው ዓመት ልጆቼ ሉነቡርገር ሃይደ ወስደውኝ ነበር። አበባው ወይን ጠጅ ቀለም ነው፣ ዓይን ይማርካል። ግን መሬቱ ራቁቱን ነው። ዛፍ የሚወድ ሕዝብ ያን ያህል ሜዳ ሳይተክል ለምን ይተወዋል? በጎቹስ ምን ይሠራሉ? አገራችን ላይ በግና ፍየል መሬት አጠፋ ሲባል ነው የኖርነው።
ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎን በጣም ወደድኩት። ዓይንዎ አልተሳሳተም። ያ መሬት በሰው እጅ የተራቆተ ነው።

ድሮ ጫካ ነበር። ሰው ቆረጠው፣ አቃጠለው፣ ከብት አሰማራበት። አሸዋማ ስለሆነ እህል በቶሎ ያደክመዋል። ገበሬው ማዳበሪያ ከየት ያምጣ? ሜዳው ላይ የበቀለውን ከነሥሩና ከነአፈሩ በመቆፈሪያ ይልጠዋል፣ በረት ውስጥ ያነጥፈዋል፣ በጉ ይተኛበታል፣ ከዚያ ከነእበቱ ወደ እርሻው ያወጣዋል። ይህን ለብዙ መቶ ዓመት አደረጉ። የተላጠው መሬት ባዶ አሸዋ ሆኖ ቀረ። በዚያ ላይ የሚበረታው ያ ያዩት ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ቁጥቋጦውን ሳያውቁት አይቀርም፤ የእኛ የአስታ ዘመድ ነው። እኔ መንዝ፣ ጓሳ ላይ አስታ እየረገጥኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ቅርንጫፉን ጨብጬ ሳሽተው ያገሬን ያህል ተሰማኝ። መሐል መሐል እንደ ጥቁር ሐውልት ቀጥ ብሎ የቆመው ደግሞ የጥድ ዘር ነው። እሱን በጎቹ ስለሚያስቸግራቸው ይተዉታል።

የፋብሪካ ማዳበሪያ ሲመጣ ያ ኑሮ ቀረ። አብዛኛው ሜዳ ታርሷል፣ ወይም ፓይን የሚባለው ዛፍ ተተክሎበታል። ስለዚህ ተክለዋል ጋሼ፤ ያዩት የተረፈው ነው። መትከሉም ጣጣ አመጣ። አንድ ዓይነት ዛፍ በደረቅ አሸዋ ላይ ተደርድሮ በኦገስት 1975 ታላቅ እሳት ተነሣ። ኡንተርሉስ አካባቢም ነደደ። ወደ ደቡብ፣ ማይነርሰን አጠገብ፣ አምስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሳት ከቧቸው ሞቱ። ሽማግሌዎቹ ዛሬም በጋው ሲደርቅ ሰማዩን ደጋግመው ያያሉ።

በጎቹ ሃይድሽኑከ ይባላሉ። ግራጫ ጸጉር፣ ጥቁር ፊት፤ ወንዱም ሴቷም ቀንድ አላቸው። ግልገሉ ሲወለድ ድፍን ጥቁር ነው። ሥራቸው ይኸውልዎት፦ ነፋስ ያመጣውን የፓይንና የበርች ቡቃያ ይነጫሉ። እነሱ ባይኖሩ ሜዳው በጥቂት ዓመት ጫካ ይሆናል። ያረጀውንም ቁጥቋጦ ጫፉን ሲበሉት ከሥር ያቆጠቁጣል። እረኞቹ ሌላም ይነግሩዎታል፤ በጎቹ ሲያልፉ የሸረሪቱን ድር ስለሚበጥሱት ንቡ ሳይያዝ አበባው ላይ ይደርሳል ይላሉ። እኛ አገር በግ መሬት አጠፋ የሚባለው ልክ ባጣ ቁጥር ነው። እዚህ እረኛው ዛሬ የት፣ ስንት ሰዓት እንደሚያግጥ አስቦ ነው የሚነዳው። የመንዝ ሰው ጓሳን ቄሮ በሚባለው የአገሬው የጋራ ግጦሽ ሥርዓት ዘግቶ በጊዜው ሲከፍት የኖረውን ያስታውሱ። ሥራው ያው ነው።

ዘንድሮ ከተመለሱ አበባው ከኦገስት መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። አገሬዎቹ ከ8ኛው ወር 8ኛ ቀን እስከ 9ኛው ወር 9ኛ ቀን ይላሉ። ሁሉም የሚጎርፈው ወደ ሰሜኑ፣ ወደ ቪልዘደ ነው። እርስዎ ሄርማንስቡርግ ዳር ያለውን የሚሰልሆርን ሜዳ ይሞክሩ። ጠዋት ማልደው፣ ጤዛው ሳይደርቅ። ሲመለሱ ማሩን ይግዙ። ጠቆር ያለ፣ እንደ ጄሊ የረጋ ነው፤ ከእንጀራው ለማውጣት ቀፎ ያዡ ብዙ ይለፋበታል። ለጠጅ አላዋልኩትም፣ አሳሳኝ። በዳቦ ይብሉት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የ15 ዓመት ልጅ አለኝ። ትምህርት ቤት ናዚዎች ስላሳደዷት አይሁዳዊት ልጅ ስለ አን ፍራንክ ተምሮ፣ እሷ የሞተችበትን የናዚ ማጎሪያ ካምፕ፣ ቤርገን ቤልዘንን፣ ማየት እፈልጋለሁ አለኝ። ልውሰደው? ምን ላዘጋጀው?
ከሃምቡርግ

መልስ፦ ይውሰዱት። ራሱ ጠይቋል።

ከሄርማንስቡርግ በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። መግቢያው በነፃ ነው። አስቀድመው ግን ይህን ይንገሩት፦ ግንብና ቤት አያገኝም። የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ ውስጥ፣ በኤፕሪል 15 ቀን 1945 ሲደርስ ሬሳው በሺህ ተከምሮ፣ ታይፈስ ሰውን እየጨረሰ ነበር። በሽታው እንዳይዛመት መጠለያዎቹን አቃጠሏቸው። ዛሬ የሚታየው ሰፊ ሜዳ ነው። በሜዳው ላይ ረጃጅም የአፈር ጉብታዎች አሉ። በላያቸው ያው የሃይደው ቁጥቋጦ በቅሏል። ፊታቸው ላይ «እዚህ 1000 ሙታን ያርፋሉ» የሚል ድንጋይ አለ። ቀጥሎ ያለው 2500 ይላል። ሌላው 5000። ልጅ ቁጥሩን አንብቦ ጉብታውን ቀና ብሎ ሲያይ ነው የሚገባው። በዚያ ካምፕ ብቻ ከ52,000 ሰው በላይ ሞቷል። ከጦር ምርኮኞቹ፣ አብዛኞቹ የሶቪየት ወታደሮች፣ ደግሞ 20,000 ያህል።

ለአን ፍራንክና ለእህቷ ለማርጎት የቆመ ድንጋይ አለ። መቃብራቸው ግን እሱ አይደለም፤ የት እንዳረፉ አይታወቅም። ሰው ትንንሽ ጠጠር ያስቀምጥበታል። ልጅዎ ማስቀመጥ ከፈለገ ከመንገዱ ዳር ያንሣ።

መጀመሪያ ሜዳውን ይዙሩ፣ ሙዚየሙን በኋላ። ፊልሞቹ የእንግሊዝ ወታደሮች ያነሧቸው ናቸው፣ ከባድ ናቸው፤ በቃኝ ካለ ይውጡ። ነፋሱ በበጋም ይበርዳልና ጃኬት ይያዙለት። ሲመለሱ መኪና ውስጥ ዝም ካለ ዝም ይበሉት፤ ሬዲዮም አይክፈቱ።